ነገር ትውልድ አለው፦ ለተማሪ ተከራካሪዎች

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣ በመጀመሪያው የክርክር ውድድሬ የተሰጠኝን ሰባት ደቂቃ እንደ በረዶ አወረድኩት። ስድስት ነጥብ ይዤ ነበር፤ ስድስቱንም ተናገርኩ። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። ውጤት ሲነገር ግን ከአራት ቡድኖች አራተኛ ወጣን። ደሜ ፈልቶ ዳኛው ዘንድ ሄድኩና ምን እንዳጠፋሁ ጠየቅኩት። ብዙ አልተናገረም፤ ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ። ለእኔ በተሰመረው ዓምድ ሥር ሁለት መስመር ተኩል ተጽፏል፤ ከሁለተኛው መስመር ጫፍ ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት አለ። «እኔ የምፈርደው በተናገርከው አይደለም፤ በጻፍኩት ነው» አለኝ።

አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ዘጠኝ ተማሪዎችን ሰብስቤ ክርክር አለማምዳለሁ። ከዘጠኙ አራቱ ከመንዝ መጥተው፣ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው፣ ከቤታቸው በሚላክላቸው በሶና ቆሎ የሚማሩ ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለእነርሱ የምነግራቸውን ነው። ሌላ አሠልጣኝ ምናልባት በድምፅና በእጅ እንቅስቃሴ ይጀምር ይሆናል፤ እኔ በዳኛው እስክርቢቶ እጀምራለሁ።

የመጀመሪያው ልምምድ ይህ ነው። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ዳኛ ሆኖ ይጽፋል። ጊዜው ሲያልቅ ተናጋሪው ምን ለማለት እንደፈለገ አይጠየቅም፤ ጸሐፊው የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል። መጀመሪያ ቀን ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ተናጋሪው ግን አይስቅም። «እኔ እንዲህ አላልኩም» ይላል። ብሏል፤ ወይም ያለው ነገር አልተሰማም። በሁለቱም መንገድ ያው ነው።

እስክርቢቶው እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ይቻላል። ነጥባችሁን ከማብራራታችሁ በፊት በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ስም ስጡት፤ ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ለእናንተ ዓመት ይመስላችኋል፤ ለዳኛው ግን እስክርቢቶውን ወረቀት ላይ ለማሳረፍ ብቻ የሚበቃ ነው። ቀና ሲል ቀጥሉ። በሰባት ደቂቃ ውስጥ በዚህ መንገድ የሚገባው ሁለት ነጥብ ነው፤ ቢበዛ ሦስት። ስድስቱን ይዛችሁ አትግቡ፤ እኔ ገብቼ አይቼዋለሁ።

ቅኔ የምትወዱ ልጆች ደግሞ ትቸግሩኛላችሁ። ሰምና ወርቅ የአባቶቻችን ሀብት ነው፤ ነገር ግን ቅኔ ሰሚው እቤቱ ሄዶ ሲያሰላስል ይፈታዋል፣ ዳኛ ግን እቤቱ ከመሄዱ በፊት ውጤት ያስገባል። በክርክር መድረክ ላይ ወርቁን ከላይ አድርጉት።

ሰላምታም አሳጥሩ። አንድ ተማሪዬ «ክቡራን ዳኞች፣ ውድ መምህራን፣ የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ በቅድሚያ ይህ ዕድል ስለተሰጠኝ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን» እያለ ሲሄድ ሰዓት ይዤ ነበር። ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ! ከሰባት ደቂቃ ላይ ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ መስጠት ከደመወዝ ላይ እንደማዋጣት ነው። «ክቡራን ዳኞች» ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህን ያስተማሩኝ ደግሞ አያቴ ናቸው። አያቴ የመንዝ ሰው ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት በስተርጅና ነው፤ ይሁን እንጂ በወጣትነታቸው ነገር አዋቂ ተብለው ይጠሩ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት፣ ርስት ይገባኛል የሚል ሰው ሸማውን አደግድጎ ዳኛ ፊት ይቆምና መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ትውልድ ይቆጥራል፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሊትን ወለደ፣ እርሷም እናቴን ወለደች እያለ። አያቴ እንደሚሉት፣ ባላጋራ የሚያዳምጠው የተጠሩትን ስሞች አይደለም፤ የተዘለለውን ነው። «አንዲት አያት ከዘለልክ መሬቱ ሄደ» ይሉ ነበር።

ክርክርም ይኸው ነው። ከምታቀርቡት ሐሳብ እስከምትሉት ውጤት ድረስ ያለው መንገድ ትውልድ ነው፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው መወለድ አለበት። አብዛኞቹ ተማሪዎች አቅኚውን አባትና ራሳቸውን ብቻ ይጠሩና መሐሉን ይዘላሉ።

ባለፈው ጥቅምት የሰጠኋቸው ርዕስ «በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ይከልከል» የሚል ነበር። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ መንገዱን ለሚያይ ሰው ርዕሱ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም፤ ትናንት ገብስ የነበረበት ዛሬ አጣና ቆሞበታል። ባሕር ዛፍ በአጼ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ሲያጥራት የገባ ዛፍ ነው፤ ያኔ ችግር ሊፈታ ነበር የመጣው። ደጋፊ ሆና የቆመችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ አለች፦ «ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ አፈር ያበላሻል፤ ስለዚህ ረሃብ ይመጣል።»

«ከመምጠጡ እስከ ረሃቡ ስንት አያት ዘለልሽ?» አልኳት። ሰሌዳው ላይ አብረን ቆጠርን። አንድ ገበሬ ድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ይተክላል። ሥሩ የጎረቤቱን እርጥበት ይስባል፣ ጥላውም የጎረቤቱ ማሳ ላይ ይወድቃል። በድንበሩ በኩል ያለው ገብስ ይቀጭጫል። ጎረቤትየው ካሣ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ «እኔም ልትከል» ብሎ ያሰላል። የእርሱም ጎረቤት እንዲሁ። መጨረሻ ላይ የተከለው ሁሉ ወድዶ የተከለ አይደለም። ደግሞም ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ማሳውን ወደ እህል ለመመለስ ጉቶ መንቀል ያስፈልጋል፣ ጉልበትም ገንዘብም ይጠይቃል። ስለዚህ የእህል ዋጋ በሚወደድበት ዓመት ይህ ገበሬ ወደ ገብሱ ልመለስ ቢል አይችልም።

እዩት እንግዲህ፤ መጨረሻው ላይ «ረሃብ» የሚል ቃል የለም። ትልቁ ቃል ወድቆ ትንሽና የማይነቃነቅ ነገር ተተካ፤ ያልመረጠ ሰው መመለሻ አጣ። ዳኛ ይህን ይጽፈዋል። ከዚህም በላይ የተቃዋሚውን ምርጥ መልስ፣ «የገዛ መሬቱ ነው፣ ምን አገባችሁ» የሚለውን፣ ሳይነገር ይዞታል፤ ጉዳዩ የጎረቤት መሬትም ሆኗልና። እርሷ በኋላ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ጨመረችበት፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የግል ንብረት አይደለም የሚለውን። ጥሩ ጭማሪ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ መጥቀስ ብቻውን ትውልድ አይሞላም፤ መጀመሪያ ቆጠራው፣ ከዚያ ጥቅሱ።

በተቃዋሚ ወገን የቆመው ልጅ ተነሥቶ «አባቴ እኔን ያስተማረኝ አጣና ሸጦ ነው» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ልቤ ተነካ፤ ዳኛ ብሆን ግን የምጽፈው «የአንድ ሰው አባት» ብዬ ነው። ቁጭ አድርጌ ጠየቅኩት፦ አባትህ ለምን ገብስ ሸጠው አላስተማሩህም? አሰበና መለሰ። እህል የሚሸጠው አውድማ ላይ፣ ሁሉም በሚሸጥበትና ዋጋው በሚወርድበት ሰሞን ነው። ዛፍ ግን ቆሞ ይጠብቃል፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ሰው ሲታመም፣ በዚያው ቀን ይቆረጣል። ባንክ ለማይደርስበት ቤት ባሕር ዛፍ የቆመ ቁጠባ ነው፤ ክልከላው የሚወድቀውም በዚያው ቤት ላይ ነው። አባቱ አሁንም ነጥቡ ውስጥ አሉ፤ ነገር ግን ከእርሳቸው ኋላ ብዙ አባቶች ቆመዋል። የግል ታሪክ በር መክፈቻ ነው፤ ቤቱን ግን ምክንያት ይሥራው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ማዳመጥ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ሁላችንም አነጋገሩን እንለማመድና አያያዙን እንረሳለን። አያቴ መልስ ከመስጠታቸው በፊት «ባላጋራዬ ያሉት ይህ ነው» ብለው የሰውየውን ቃል ከራሱ ከሰውየው አሳምረው ይደግሙት ነበር አሉ። ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል። ራሱን ከነቀነቀ በኋላ ማምለጫ የለውም።

ወረቀታችሁን በቁሙ ለሁለት ክፈሉት። በግራ የእነርሱ ነጥብ፣ በቀኝ የእናንተ መልስ፤ በሁለት ቀለም እስክርቢቶ ቢሆን ይሻላል። የሚናገሩትን ቃል በቃል አትጻፉ፣ ትውልዱን ጻፉ፤ የተዘለለ ካለ እዚያ ላይ ክብ አድርጉ። መልስ ስትሰጡ ሁለት ደረጃ ይኑረው። የመጀመሪያው «አይደለም» ነው፤ ለምን እንደማይሆን። ሁለተኛው «ቢሆንስ» ነው፤ ነገሩ እነርሱ እንዳሉት ቢሆን እንኳ ለምን እንደማያሸንፉበት። «አይደለም» ብቻ ያለ ቡድን፣ ዳኛው በዚያች ነጥብ ካላመነው ባዶ እጁን ይቀራል። «ቢሆንስ» ያለ ግን ሁለተኛ ምሽግ አለው። የደካማውን ነጥብ ራስ መምታትም አትውደዱ። ደካማውን መትታችሁ ጠንካራውን ብትተዉት ዳኛው የሚጽፈው «ሳይመለስ ቀርቷል» ብሎ ነው።

ስለ ውድድር ዓይነቶች በአጭሩ። የብሪቲሽ ፓርላሜንታሪ የሚባለው፣ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና የሚካሄድበት ስልት፣ በአንድ ክርክር አራት ቡድኖች ያሉት ነው፤ ሁለት ደጋፊ፣ ሁለት ተቃዋሚ፣ በየቡድኑ ሁለት ሰው። እያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ ይናገራል። ርዕሱ የሚነገረው ክርክሩ ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው። አንደኛ የወጣ 3፣ ቀጥሎ 2፣ ከዚያ 1፣ መጨረሻው 0 ነጥብ ያገኛል። በዓለም የትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና ስልት ደግሞ ሁለት ቡድኖች ይገጥማሉ፤ በየወገኑ ሦስት ተናጋሪ፣ ለእያንዳንዳቸው ስምንት ደቂቃ፣ በመጨረሻ ለየቡድኑ የአራት ደቂቃ ማጠቃለያ። ከመቶው 40 ለይዘት፣ 40 ለአቀራረብ፣ 20 ለስትራቴጂ ይሰጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ነገር አለ። የተቃዋሚው ሦስተኛ ተናጋሪ እንደጨረሰ የተቃዋሚው ማጠቃለያ ይከተላል፤ ማለትም ተቃዋሚ ወገን 12 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ይናገራል። ደጋፊዎች ከሆናችሁ ሦስተኛ ተናጋሪያችሁ ያንን ጎርፍ የሚመልስ ክትር መሥራት አለበት፤ ምን እንደሚሉ ገምቶ አስቀድሞ መመለስ ማለቴ ነው።

አሥራ አምስቱን የዝግጅት ደቂቃ እንዲህ እንከፍለዋለን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ማንም አይናገርም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጽፋል። ይህን ሕግ ያወጣሁት ጮሌው ልጅ ሁልጊዜ ቀድሞ እየተናገረ የዝምተኛዋን የተሻለ ሐሳብ ሲያስቀርብን ካየሁ በኋላ ነው። ቀጥሎ ርዕሱ ምን እንደሚለውጥ፣ ማንን እንደሚነካ ይወሰናል። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚባለው እዚህ ጋ ነው፤ «የእርሻ መሬት» ስንል የቤት ጓሮ ይጨምራል ወይ? ድንበር ላይስ? ይህን ሳይለዩ የገቡ ቡድኖች ግማሹን ክርክር በትርጉም ጭቅጭቅ ይጨርሱታል። ከዚያ ሁለቱን ነጥቦች ትውልድ እየቆጠራችሁ ሥሩ። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ወንበር ቀይሩና ለሁለት ደቂቃ ተቃዋሚያችሁን ሁኑ። የመጨረሻዋ ደቂቃ የመጀመሪያው ተናጋሪ ናት፤ የመክፈቻውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይጽፋል፣ ሌላውን በቁልፍ ቃላት ብቻ። ሙሉውን የጻፈ ያነበዋል፤ ያነበበ ደግሞ ዳኛውን አያይም።

ውድድሩ በእንግሊዝኛ ከሆነ አስቡ በአማርኛ፣ ጻፉ በእንግሊዝኛ። ነጥቡን በገዛ ቋንቋው ያልጨረሰ ሰው በባዕድ ቋንቋ አይጨርሰውም።

ስለ ድምፅ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ኅዳር ላይ ጠዋት ሦስት ሰዓት የልጆቹ ጥርስ ከአፋቸው ቀድሞ ይናገራል። እጃቸው ጋቢ ውስጥ ነው። ይህን ችግር አልጠላውም፤ ጋቢ ለብሶ የሚለማመድ ልጅ እጁን ማወናጨፍ አይለምድም፣ እጁን የሚያወጣውም ሲያስፈልገው ብቻ ነው። ስለ እጅ የማውቀው ይኸው ነው።

ድምፅ ላይ ግን አንድ የአማርኛ ጉዳይ አለ፤ ማንም ሲያስተምረው አላየሁም። በእኛ ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ይመጣል። እንቃወማለን ይሁን አንቃወምም፣ ይጠቅማል ይሁን አይጠቅምም፣ የሚታወቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ነው። ተማሪ ደግሞ ትንፋሽ የሚያልቅበት እዚያው ላይ ነው። አሥራ አምስት ቃል በደንብ ተናግሮ ፍርዱን ይውጠዋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ እንወጣለን። ተናጋሪው በአንድ ጫፍ፣ ሰሚው ሃያ እርምጃ ርቆ ይቆማል። ከጋዜጣ አንድ አንቀጽ ይነበባል፤ ሰሚው የመጨረሻውን ቃል ባልሰማ ቁጥር እጁን ያነሣል፣ ተናጋሪውም ያን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይደግማል። ንፋሱ ሥራውን ይሠራል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ዓረፍተ ነገራቸውን ያሳጥራሉ፤ እኔ አሳጥሩ ማለት አያስፈልገኝም።

ሌላው ልምምድ የባቄላ ነው። ተናጋሪው «ማለት ነው»፣ «ያው»፣ «እንትን»፣ ወይም «እ...» ባለ ቁጥር ጓደኛው አንድ ባቄላ ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ይጥላል። ድምፁ ይሰማል፤ ጠብ፣ ጠብ። ያቺው የባሕር ዛፏ ልጅ በመጀመሪያው ቀን 41 ባቄላ ሰበሰበች፤ አለቀሰችም። የገና በዓል ሲደርስ 9 ላይ ደርሳ ነበር። ዜሮ ላይ አልደረሰችም፤ እንድትደርስም አልፈልግም፤ ያለ አንድም «ያው» የሚናገር ልጅ የሸመደደ ይመስላል።

በሌላው ንግግር መሐል ተነሥቶ መጠየቅ፣ ተማሪዎቹ «ፒ ኦ አይ» የሚሉት፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ደቂቃ አይፈቀድም፤ በመሐሉ ይፈቀዳል። ጥያቄው ከ15 ሴኮንድ አይበልጥም። ንግግር አታድርጉት። ከሁሉ የሚጎዳው «ከዚህኛው ወደዚያኛው እንዴት ተሻገራችሁ?» የሚለው፣ የተዘለለውን አያት የሚያስጠራው ነው። ተናጋሪ ስትሆኑ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ተቀበሉ። ሁሉን እምቢ ያለ ፈሪ ይመስላል፤ ሁሉን የተቀበለ ንግግሩን አስረክቧል። ነጥብ ጨርሳችሁ ወደሌላው ልትሻገሩ ስትሉ ተቀበሉ፤ መሐል ላይ በፍጹም።

የመጨረሻው ተናጋሪ ሥራ መድገም አይደለም፤ መመዘን ነው። ሁለቱም ወገን እውነት ተናግሮ ሊሆን ይችላል። የጎረቤቱ ገብስ ይቀጭጫል፤ አጣናም ልጅ ያስተምራል። ታዲያ የቱ ይከብዳል? ይህን ለዳኛው ካልነገራችሁት ዳኛው በራሱ ሚዛን ይመዝናል፤ የእርሱ ሚዛን ደግሞ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ተጎጂው መርጦ ነው የገባበት ወይስ ሳይጠየቅ? ጉዳቱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የተጎዳው ሌላ መውጫ አለው? በጥቅምቱ ክርክር ደጋፊዎች ያሸነፉት በዚህ ነበር። የመጨረሻዋ ተናጋሪ «አጣና ያጣ ገበሬ በግ ማርባት ይችላል፤ ማሳው የደረቀበት ጎረቤት ግን ምን ይለውጣል?» አለች። ተቃዋሚው ልጅ «በግስ በምን ገንዘብ ተገዝቶ?» ብሎ ሊነሣ ሲል ጊዜው አልቆ ነበር። እስካሁን ድረስ ይቆጨዋል፤ እኔም አስፈርዶበት ይሆናል እላለሁ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺኑ ርዕስ መልሼ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ወገን ግን ተቀያይረዋል። አጣና የሸጡት ሰው ልጅ አሁን ከልካይ ነው። ባቄላው የእርሱ ተራ ነው፤ ቆልቶ እንዳያመጣው ብቻ አስጠንቅቄዋለሁ፤ ባለፈው የመጣው ተቆልቶ ነበርና ከሁለተኛው ተናጋሪ በፊት አልቆብናል።